የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አዲስ ትምህርትና የቤተሰቡ ድርሻ

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ የፋብሪካ ጥገና ክፍል ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ባለቤታችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም ልጃችሁ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሆነ፣ ወይም ራሳችሁ በዚህ ሙያ የምትተዳደሩ ከሆናችሁ፣ ነገሩ እስከ ማዕድ ቤት ድረስ የሚዘልቅ መሆኑን ታውቁታላችሁ።

ዐሥር ዐሥራ አምስት ዓመት ካቻቪቴና ፒንሳ ይዞ በየፋብሪካው ሲዞር የኖረ ሰው አንድ ቀን «የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ልማር ነው» ብሎ ይነሣል። ማታ ማታ ትምህርት ይጀምራል። ለላፕቶፕ መግዣ ከቤት ወጪ ላይ ይጠይቃል። ቅዳሜንም ከቤት ይጠፋል። ቤተሰቡም «በዚህ ዕድሜ ደግሞ ከሀ ሁ ሊጀምር ነው?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት አይደለም። ሠራተኛው ከሀ ሁ አይጀምርም። ከትምህርቱ ግማሹን በእጁ ይዞት ቆይቷል። የቀረውን ግማሽ የሚማረው ግን ለቤቱ ይውል በነበረው ሰዓት ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ምን እየሰጠና ለምን እንደሚሰጥ ቢያውቅ ይሻላል።

በመስክ የሚሠራ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የቤት መብራት ከሚዘረጋው ባለሙያ ይለያል። ወደ ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፣ የፋብሪካ ሞተሮች ግን በአብዛኛው በሦስት መስመር በሚመጣ 380 ቮልት ይሠራሉ። ሠራተኛው ከባድ ገመድ ይጎትታል፣ መሰላል ይወጣል፣ ከመሬት በታች ባለ የገመድ ቦይ ውስጥ ይንበረከካል፣ የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ ያወርዳል። ዛሬ ወንጂ፣ በሚቀጥለው ወር ሙገር፣ ከዚያም ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊላክ ይችላል። በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ይህ ሁሉ እንደ ጨዋታ ያልፋል። በሃምሳ ዓመት ግን ጉልበትና ወገብ ሒሳባቸውን ይጠይቃሉ። አብዛኞቹ ሠራተኞች ይህን ለቤተሰባቸው አፍ አውጥተው አይናገሩትም። «ኮምፒዩተር ልማር» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ይኸው ጉዳይ አለበት።

ታዲያ «መቆጣጠሪያ ሥርዓት» የሚባለው ምንድን ነው? እናቶች ከማንም በፊት ያውቁታል ብንል ማጋነን አይሆንም። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ስትጋግሩ፣ ምጣዱን ስታስሱ የጎመን ዘሩን ጢስና ሽታ ትከታተላላችሁ፤ ሊጡ ሲዞር የሚያሰማውን ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ዓይን ማውጣቱን ታያላችሁ። ከዚያም «በዝቷል» ወይም «አልበቃውም» ብላችሁ ትወስናላችሁ፤ ማብሪያውንም ትዘጋላችሁ ወይም ትከፍታላችሁ። መለካት፣ መወሰን፣ መፈጸም፤ መቆጣጠር ማለት ይኸው ነው። በምጣዱ ፊት ተቆጣጣሪዋ ጋጋሪዋ ራሷ ናት። ካውያን ብትመለከቱ ደግሞ ሥራውን ያለ ሰው ይፈጽማል። በውስጡ ያለው ቀጭን የብረት ቅጠል ሲሞቅ ጎብጦ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፣ ሲበርድ ተመልሶ ያገናኛል። በፋብሪካም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የሚለካውና የሚወሰነው ነገር በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር መሆኑ ነው።

ይህን ብዙ ውሳኔ ቀድሞ ይሸከም የነበረው ሪሌይ የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ነበር። በቁምሳጥን መጠን በተሠሩ ሣጥኖች ውስጥ በርካታ ሪሌዮች ተደርድረው፣ እርስ በርሳቸው በሽቦ ተጠላልፈው ይሠሩ ነበር። ፋብሪካው የአሠራሩን ቅደም ተከተል መለወጥ ሲፈልግ ያ ሁሉ ሽቦ ተፈትቶ እንደገና መታሰር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ መኪና አምራች በዚህ ተሰላችቶ፣ ሽቦ ሳይፈታ ትእዛዙ ብቻ የሚለወጥለት መሣሪያ እንዲሠራለት ጠየቀ። ዲክ ሞርሊ የተባለው መሐንዲስና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሞዲኮን 084 ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። ቁጥሩ የተወሰደው ለድርጅታቸው 84ኛው ሥራ በመሆኑ ነው። ዛሬ ሠራተኞች ፒኤልሲ እያሉ የሚጠሩት መሣሪያ ዘሩ ከዚያ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር አለ። መሣሪያው ሲታሰብ በፋብሪካው ውስጥ ያሉት የጥገና ሰዎች ራሳቸው ሊረዱትና ሊያስተካክሉት እንዲችሉ ተፈልጎ ነበር። ስለዚህም የትእዛዙ አጻጻፍ የተወሰደው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሪሌይ ለማሰር ይጠቀሙበት ከነበረው ሥዕል ነው። ሥዕሉ በግራና በቀኝ ሁለት ቋሚ፣ በመካከሉ አግዳሚ መስመሮች ስላሉት መሰላል ይመስላል፤ ስሙም በእንግሊዝኛ መሰላል ማለት ሲሆን ሠራተኞች «ላደር» ይሉታል። ሞተር የሚያስነሣ ኮንታክተር ለዓመታት ሲያስር የኖረ ሰው በላፕቶፑ ላይ ይህን ሥዕል ሲያይ የሚያውቀውን ነገር ነው የሚያየው። በሌላ በኩል ከኮምፒዩተር ትምህርት ቀጥታ የመጣ ወጣት ለዚህ ሥዕል እንግዳ ሊሆን ይችላል።

የመስክ ልምድ ዋጋ ይበልጥ የሚታየው ግን ብልሽት በደረሰ ጊዜ ነው። የስኳር ፋብሪካን እንውሰድ። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአገራችን በርካታ የስኳር ፋብሪካዎች ተቋቁመዋል። እነዚህ ፋብሪካዎች የአገዳውን ገለባ አንድደው እንፋሎት ያመነጫሉ፤ በእንፋሎቱም ኤሌክትሪክ ያወጣሉ፣ ጭማቂውንም ያፈላሉ። የእንፋሎት ማሞቂያው ውሃ ከልኩ ቢያንስ ቧንቧዎቹ ይቃጠላሉ፤ ይህም ለሠራተኛው ሕይወት ጭምር አስጊ ነው። ስለዚህ የውሃውን ልክ የሚለካ መሣሪያ ይተከላል፤ ልኩንም በቀጭን ሽቦ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ይልካል። የሚልከውም ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር በሚደርስ ደቃቅ ኤሌክትሪክ ነው። ዕቃው ባዶ ሲሆን 4፣ ሙሉ ሲሆን 20 ይሆናል።

ለምን ከ0 አይጀምርም? ሽቦው ቢቆረጥ ኤሌክትሪኩ 0 ይሆናል። ባዶ ዕቃም 0 ቢልክ ኖሮ «ውሃ አልቋል» እና «ሽቦ ተቆርጧል» የሚሉት ሁለት ወሬዎች ይመሳሰሉ ነበር። ከ4 ስለሚጀምር ግን ይለያያሉ። በቤታችሁ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ካለ አንድ ነገር ጠይቁት፦ መሣሪያው 12 ሚሊ አምፒር ቢልክ ዕቃው ምን ያህል ሞልቷል? ብዙ ሰው 12ን ለ20 አካፍሎ «ከመቶ 60» ይላል። ትክክለኛው መልስ ከመቶ 50 ነው፤ ምክንያቱም ከ4 እስከ 20 ያለው ርቀት 16 ሲሆን፣ 12 ከ4 የሚርቀው በ8 ነው። አባትና ልጅ ማታ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይህን ሒሳብ ሲሠሩ ማየት፣ ልጁ አባቱን ሲያርም እንኳ፣ ለቤቱ ጉዳት የለውም።

እንግዲህ በስክሪኑ ላይ «ውሃ የለም» የሚል ጽሑፍ ሲበራ፣ ሞተሮችም በራሳቸው ሲቆሙ፣ ልምድ የሌለው ሰው ስሕተቱን ከፕሮግራሙ ውስጥ መፈለግ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ትናንት በትክክል ሲሠራ ነበር፤ ማንም ካልነካው ዛሬ ብቻውን አይለወጥም። የመስክ ሰው ግን ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የገመዱ ማገናኛ ሣጥን ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆን? የሽቦው ማሰሪያ ብሎን በንዝረት ላልቶ ይሆን? አይጥ በልቶት፣ ወይም የመለኪያው ፊት በጭቃና በሞላሰስ ተሸፍኖ ይሆን? በሙያው የቆዩ ሰዎች እንደሚሉት፣ አብዛኛው የመቆጣጠሪያ ብልሽት የሚገኘው ከኮምፒዩተሩ ውጭ፣ እዚያ በመስኩ ላይ ነው። ይህንን በመጽሐፍ ብቻ መማር አይቻልም። ባለቤታችሁ ለዓመታት ቱታውን አቆሽሾ የገዛው ዕውቀት ነው።

አስቸጋሪ የሚሆነው ሌላው ወገን ነው። መመሪያ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ማሽኑ ከቻይና የመጣ ከሆነ ደግሞ የስክሪኑ ጽሑፍ በቻይንኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ላፕቶፕ አዘውትሮ ያልነካ እጅ መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጣል። ይህ ሁሉ በልምምድ ይለቃል። ከሁሉ የከፋው ኩራት ነው። የሥልጠናው አስተማሪ የሠራተኛውን ታናሽ ወንድም ሊያክል ይችላል፤ በጎኑ የተቀመጡት ተማሪዎችም ልጆቹን። በሥራ ቦታው «አለቃ» እየተባለ የሚጠራ ሰው «አልገባኝም» ብሎ እጁን ማውጣት ያሳፍረዋል። በዚህ ጊዜ ቤት ገብቶ ቢነጫነጭ ምክንያቱ ወጡ መቅጠኑ ላይሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ራሳቸው በዚህ ሙያ ስላሉት እኅቶች እንናገር። «ሴት ልጅ ከኤሌክትሪክ ምን አላት?» የሚል ዘመድ ዛሬም አልጠፋም። የሚገርመው ግን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት አካባቢ የሚወስድ ሲሆን ይህም ከአምስት የፈረስ ጉልበት ሞተር ጋር ይቀራረባል። ይህን ከባድ መሣሪያ በየሳምንቱ ስትሰካና ስትነቅል ማንም ዘመድ «ተይው» ያላት ሴት አላየንም። ወደ መቆጣጠሪያ ሥርዓት በሚደረገው ጉዞ ለእኅቶች ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ከጡንቻ ይልቅ ትዕግሥትና ጥንቃቄ የሚጠይቀው የሥራ ክፍል እየሰፋ መሄዱ ነው። ሁለተኛው ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ «አንቺ ቢሮ ተቀመጪ፣ ስክሪን ተመልከቺ» ተብላ ከመስክ የምትርቅ ሠልጣኝ ከላይ የተናገርነውን ግማሽ ዕውቀት ታጣለች። ደግነት መስሎ የሚቀርብ እንቅፋት ይኸው ነው። መሰላሉን መውጣት፣ ሣጥኑን መክፈት፣ ብሎኑን በራስዋ እጅ ማጥበቅ አለባት።

ቱታው ለወንድ ቁመና የተሰፋ መሆኑ፣ የልብስ መለወጫ ክፍል አለመኖሩ፣ ከምሽት ፈረቃ በኋላ መጓጓዣ ማጣቱ ትንሽ ጉዳዮች መስለው ብዙ ጎበዝ ልጆችን ከሙያው አስወጥተዋል። እነዚህን ለአለቃ መጠየቅ ቅብጠት አይደለም። ነፍሰ ጡር ለሆነች ሠራተኛ ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነፍሰ ጡር ሴትን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራትን፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም ማዘዝን ይከለክላል። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይፈቅዳል። «ማሽኑ የቆመው በሌሊት ነው፤ ሌላ ሰው የለም» የሚለው አቤቱታ ይህን አይለውጠውም።

ስለ አደጋም ሳንናገር ማለፍ አይገባም። አሮጌው የሞተር ማስነሻ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው። መብራት ሲጠፋ ኮንታክተሩ ይለቃል፤ መብራት ሲመጣ ሞተሩ ብድግ ብሎ አይነሣም፣ ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫን ይጠብቃል። መብራት በሚጠፋበትና በሚመጣበት ከተማ ይህ ጠባይ የስንቱን ሰው እጅ እንዳተረፈ የጥገና ሰዎች ያውቃሉ። በፕሮግራም የሚሠራ ማሽን ግን የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ይህን ጥበቃ ከዘነጋ፣ ኤሌክትሪክ በተመለሰ ቅጽበት ማጓጓዣው በራሱ መሽከርከር ይጀምራል። በሩቅ መቆጣጠሪያ ክፍል ያለ ሰውም በማሽኑ ውስጥ እጁን የከተተውን ባልደረባውን ሳያይ ቁልፍ ሊጫን ይችላል።

ስለዚህ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ከቁልፉ ነጻ አይወጣም። ማሽን ከመንካቱ በፊት ዋናውን መስመር ይቆርጣል፣ በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል፣ ስሙን የያዘ ካርድ ያንጠለጥላል፣ መክፈቻውንም በገዛ ኪሱ ይይዛል። ከዚያም ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በመለኪያ ያረጋግጣል፤ መለኪያው ራሱ እንዳልተበላሸ ለማወቅም በፊትና በኋላ ኤሌክትሪክ ባለበት መስመር ላይ ይሞክረዋል። እናቶች፣ ከባለቤታችሁ ወይም ከልጃችሁ ኪስ ውስጥ ትንሽ የጓጉንቸር መክፈቻ ብታገኙ «የምን ሣጥን ነው?» ብላችሁ አትጣሉ። ይልቅስ ልብስ ስታጥቡ ባታገኙት ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

ወደ ቤቱ እንመለስ። ብዙ ቤተሰብ «ይህን ከተማረ በኋላ ቤቱ ይውላል» ብሎ ተስፋ ያደርጋል። እውነቱን ለመናገር ይህ የግድ አይደለም። ጉልበቱ ይቀልለታል እንጂ ሰዓቱ ላይቀልለት ይችላል። አዲስ ማሽን ተተክሎ ሥራ በሚያስጀምሩበት ጊዜ ቀኑም ሌሊቱም ይቀላቀላል። በደኅናው ቀንም ቢሆን ስልኩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊጮኽ ይችላል፤ ማሽኑን የሚያውቀው ሰው እሱ ሆኗልና። ስለዚህ በዚህ ላይ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። በየትኛው ሌሊት ተረኛ ነው? ሲጠራስ መኪና ይላክለታል? ክፍያውስ? ከላይ የጠቀስነው አዋጅ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ከመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። «ለሙያው ፍቅር» ተብሎ በነጻ የሚሠራ ሌሊት ከልጆች ላይ የተወሰደ ሌሊት ነው።

ሥልጠናው የት እንደሚገኝም በጋራ ብታጠኑት መልካም ነው። እንደ ተግባረ ዕድና ጄኔራል ዊንጌት ባሉ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች የማታ ወይም አጭር ሥልጠና መኖሩን ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ የተከፋፈለ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ያለበትን ደረጃ በምዘና ካላረጋገጠ መጀመሪያ ይህን ይጨርስ። ጥሩ ማሠልጠኛ መሆኑን የምትለዩበት አንድ ጥያቄ እንንገራችሁ፦ «ለስንት ተማሪ ስንት መሣሪያ አላችሁ?» በሉ። ሃያ ሰው አንድ ፒኤልሲ ከበው የሚያዩበት ክፍል የምስክር ወረቀት ይሰጥ ይሆናል፤ ሙያ ግን አይሰጥም። መሥሪያ ቤቱ ከፍሎ የሚልከው ከሆነ ደግሞ ከሥልጠናው በኋላ ስንት ዓመት እንዲያገለግል እንደሚያስገድደው፣ ቢለቅ ስንት ብር እንደሚከፍል ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሁለታችሁም አንብቡት። የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ከሆነ የክረምቱ ጊዜ፣ ፋብሪካው ለጥገና ቆሞ ሁሉ ነገር የሚፈታበት ወቅት፣ ከማንኛውም ትምህርት ቤት ይበልጥበታል፤ በዚያ ሰሞን የዓመት ዕረፍት ውሰድ ብላችሁ አታስጨንቁት።

በመጨረሻም ስለ ቤት ልምምድ። በክፍል የተማረውን ቤት ደጋግሞ ካልሞከረ ይረሳዋል። ለዚህም አዲስ መሣሪያ መግዛት ግዴታ አይደለም። በላፕቶፕ ላይ ያለ መሣሪያ የሚሠሩ ነጻ የመለማመጃ ፕሮግራሞች አሉ። ቆየት ሲል አገልግሎት የሰጠ ትንሽ ፒኤልሲ፣ ሦስት አራት ቁልፍና መብራት በአንድ ጣውላ ላይ አስሮ ይጠቀማል። የአንድ ትሪ ስፋት ያለው ቦታ ከሳሎኑ ጥግ ብትለቁለት ይበቃዋል። ቁልፎቹና መብራቶቹ የሚሠሩት በ24 ቮልት ስለሆነ ልጆች ቢጫኑት ችግር የለውም፤ እንዲያውም «ቀዩ ሲጫን አረንጓዴው ይጥፋ» እያሉ አባታቸውን ያሠሩታል። 24 ቮልቱን የሚያወጣው ትንሽ ሣጥን ግን ከግድግዳው 220 ቮልት የሚቀበል ነው። የእሱ ሽቦ የሚታሰርበት ጎን በክዳን ተሸፍኖ በብሎን መዘጋት አለበት። ሶኬቱም ሠራተኛው ወደ መኝታው ሲሄድ ይነቀል።